የማያፈስ እንደሆነ ይታሰብ

ቂም ሁሉ አንድ አይደለም። የዘመድ ቂም አለ፣ ሽማግሌ ይፈታዋል። የድንበር ቂም አለ፣ ከፍርድ ቤት ፍርድ ቤት ሲንከራተት ባለቤቶቹን ይቀብራል። የደብሪቱ ቂም ግን ከነዚህ ሁሉ የከበረ ነበር። ሪባን ተቆርጦለታል፣ ንግግር ተደርጎለታል፣ ተጨብጭቦለታል። የተሠራውም ከሲሚንቶ ነው። ያውም ከግማሽ ሲሚንቶ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሸዋ ሮቢት ወረድ ብሎ፣ ከወንዙ ተጠልፎ በማሳው መሀል የሚያልፍ የመስኖ ቦይ አለ። የደብሪቱ ማሳ ከመኪናው መንገድና ከቦዩ መካከል የተኛ ነው። ቦዩ ሲሠራ ወለሉ ድንጋይ ተነጠፈበት፣ ሁለቱ ጎኖቹ ደግሞ በሲሚንቶ ይለሰናሉ ተባለ። ሠሪዎቹ አስተዋይ ነበሩና ከማዶው ጎን ጀመሩ። እንግዳ መንገዱ ላይ ቆሞ የሚያየው ማዶውን ነዋ። በደብሪቱ በኩል ያለውን ወዲህኛውን ጎን ለማየት ቦዩን ተሻግሮ ወደ ኋላ መዞር ያስፈልጋል፤ ትልቅ ሰው ደግሞ ወደ ኋላ አይዞርም።

ለምረቃው የተጠሩት እንግዶች ሰው አክባሪዎች ስለነበሩ ከቀጠሮው ቀድመው ደረሱ። ማዶው በፀሐይ እንደ መስታወት ያበራል። ሪባኑ ተቆረጠ፣ ቦዩ መቶ በመቶ ተጠናቋል ተባለ፣ እንግዶቹም ወደ ምሳቸው ሄዱ። የደብሪቱ ጎን አፈር እንደሆነ ቀረ። አፈር ደግሞ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ሣር አበቀለ።

ከዚያ ወዲህ ውሃ በተለቀቀ ቁጥር ማዶው ሲሚንቶ ያንሸራትተዋል፣ ወዲህኛው አፈር ይጠጣዋል፣ የጠጣውንም ማታ ማታ ደብሪቱ ማሳ ላይ ይተፋዋል። ደብሪቱ የምትተክለው ቀይ ሽንኩርት ነው። ሽንኩርት መጠጣት ይወዳል እንጂ መዋኘት አይችልም። ችግኙ ሥር ሳይሰድ ይበሰብሳል፤ የተረፈውም አንገቱ ይለሰልስና ገበያ ሳይደርስ ይሸታል። ከታች በኩል ጎረቤቷ ሩቂያ ደግሞ የሚደርሳት ውሃ የለም፤ የእሷ ድርሻ ደብሪቱ ጋ ሲዋኝ ያድራላ።

ሩቂያ መካሪ ሴት ናት። «እህቴ፣ ሸንኮራ ትከይበት። ሸንኮራ አንገቱ ድረስ ቢሰጥምም ግድ የለው» አለቻት አንድ ቀን።

«ሽንኩርት ብያለሁ፣ ሽንኩርት ነው።»

«ወላሂ አንቺና ይሄ ውሃ እህትማማች ናችሁ። ሁለታችሁም በተሠራላችሁ መንገድ አትሄዱም።»

እውነቷን ነው። ደብሪቱ ሦስተኛ ክፍልን እንኳ ያቋረጠችው መምህሩ ቦታ ቀይሪ ቢላት አልቀይርም ብላ ነው ይባላል። አሁንም ቢሆን ሽንኩርቱ ከሚነሣ ቦዩ ቢጠገን ይቀላል የሚል አሳብ ይዛ ወደ ውሃ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ተመላለሰች። ኃላፊው አቶ ታምራት በትሕትና ያልተቀበሏት ጊዜ የለም። ወንበር ያስመጡላታል፣ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ይሰሟታል፣ መጨረሻም ጉዳይዎ በዕቅድ ተይዟል ይሏታል። በዕቅድ መያዝ በገመድ ከመያዝ የጠነከረ ነው። በገመድ የተያዘ አንዳንድ ጊዜ ያመልጣል።

ነገሩ በዚህ ቢቆይ ኖሮ ምናልባት አንድ ቀን ዕቅዱ ይላላ ነበር። ግን ከዕለታት በአንዱ ከደብረ ሲና ወደ ካራቆሬ ይወርድ የነበረ ሚኒባስ ልክ ደብሪቱ ማሳ ዘንድ ጎማው ተነፈሰ። ከተሳፋሪዎቹ አንዱ መምህር ቢኒያም ነበሩ። መምህር ቢኒያም ለውሃ ባለሙያዎች የደረጃ እድገት ፈተና የሚያወጡ ሰው ናቸው። የደብረ ሲናን ብርድ የለመደ ወፍራም ኮታቸውን እንደለበሱ ጥላ ሲፈልጉ ማሳውን አቋርጠው ቦዩ አፋፍ ደረሱ። አዩ። ኮታቸውን አወለቁ፤ ከሙቀቱ ይሁን ከአክብሮት አልታወቀም።

«ቅይጥ ቦይ» አሉ ቀስ ብለው።

አጠገባቸው ደብሪቱ የበሰበሰ ችግኝ ትነቅል ነበር። እሳቸው ግን ያወሩት ለራሳቸው ነው። አንድ ቦይ፣ ሦስት ዓይነት ገላ። ወለሉ ድንጋይ፣ አንዱ ጎን ሲሚንቶ፣ አንዱ ጎን ሣር። እንዲህ ያለውን በመጽሐፍ ሥዕል እንጂ በምድር ላይ አይተውት እንደማያውቁ፣ የሥዕሉም ሣር እንዲህ እንዳላማረ ተናገሩ። ወሬው በዚያው ቀን አቶ ታምራት ጆሮ ደረሰ። አቶ ታምራት በባጃጅ ፈጥነው መጡና ከመምህሩ ጎን ቆመው ቦዩን ልክ እንደ አዲስ አዩት። ከዚያም አንገታቸውን ደፋ አድርገው፣ «ሆን ብለን ነው የሠራነው» አሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የቦዩ ማዕረግ ከፍ አለ። እስከዚያ ያልተጠናቀቀ ነበር፤ አሁን መፈተኛ ሆነ። በየዓመቱ ጥቅምት ላይ፣ ውሃ ከመለቀቁ አስቀድሞ፣ ከየአካባቢው የተውጣጡ ተፈታኞች በአውቶቡስ ይመጣሉ። ቦዩን በሜትር ይለካሉ፣ የደብሪቱ ማንጎ ጥላ ሥር ይቀመጣሉ፣ አስልተው ይጽፋሉ፣ ያድጋሉ። ማንም ወድቆ አያውቅም። አቶ ታምራት ራሳቸው የኃላፊነቱን ደረጃ ያጸኑት በዚሁ ቦይ ተፈትነው ነው።

መፈተኛ የሆነ ነገር ደግሞ አይነካም። አንድ ጠዋት አቶ ታምራት ማሳው ድረስ መጡ።

«እትዬ ደብሪቱ፣ ፍየልዎ ሸካራነት እየበላች ነው።»

«ሣር ነው የበላችው።»

«ለእርስዎ ሣር ነው። ለጽሕፈት ቤቱ ግን ሸካራነት ነው። ሣሩ ባጠረ ቁጥር ውሃው ይፈጥናል፣ ውሃው በፈጠነ ቁጥር መልሱ ይበላሻል።»

ፍየሏ ታሰረች። ሣሩ እንዳይታጨድ ተከለከለ። የቀበሌው ሰው ክረምት ሲወጣ በጋራ የሚያደርገው የቦይ ጠረጋም ደብሪቱ ማሳ ጋ ሲደርስ ዘሎ እንዲያልፍ ታዘዘ። ያ ሣር በወረዳው ውስጥ ተመልካች ያለው ብቸኛው ሣር ሆነ፤ ጠዋት ጠዋት ሰው ይላካል፣ እንዴት እንዳደረ ያያል።

ፈተናው አንድ ቢሆንም ተፈታኞቹ ትጉዎች ነበሩ። የሚቀጥለው ዓመት ተረኞች ገና በጥር፣ ውሃው በቦዩ ሞልቶ ሲሄድ ይለማመዱ ዘንድ ይመጡ ጀመር። ከነሱ አንዷ ሊያ የምትባል ወጣት የጽሕፈት ቤቱ ሠራተኛ ናት። ደብሪቱ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ውስጥ ቆማ ሽንኩርቷን ስታይ፣ ሊያ ከደረቁ አፋፍ ላይ ሆና ጥያቄውን ጮክ ብላ ታነባለች። የጥያቄው የመጀመሪያ መስመር እንዲህ ይል ነበር፦ ውሃው ሳይጨምር ሳይቀንስ እኩል እንደሚፈስ፣ ቦዩም የማያፈስ እንደሆነ ይታሰብ።

ደብሪቱ ቀና አለች። «ምን እንደሆነ ይታሰብ?»

«የማያፈስ፣ እትዬ።»

ደብሪቱ ከጉልበቷ በታች ያለውን ውሃ አየችው። «ማን ነው የሚያስበው?»

«ተፈታኙ።»

«እኔስ?»

«አንቱማ ተፈታኝ አይደሉም።»

ሊያ ክፉ ልጅ አልነበረችም። ወደ ማሳው ወርዳ፣ ጫማዋን አውልቃ፣ ነገሩን አስረዳቻት። ውሃው ሲሚንቶውን ሲነካ ይሮጣል፣ ድንጋዩን ሲነካ ያነክሳል፣ ሣሩን ሲነካ ይጎተታል። ባለሙያ የሆነ ሰው የሦስቱን ሸካራነት፣ እያንዳንዱ ውሃውን በሚነካበት ርዝመት ልክ፣ ቀላቅሎ አንድ ሸካራነት ያወጣል። ከዚያ የቦዩን ስፋትና ጥልቀት፣ የመሬቱንም ተዳፋት ያስገባና በሰከንድ ስንት ሊትር እንደሚያልፍ ያገኛል።

«ስንት ያልፋል?» አለች ደብሪቱ።

«ሁለት መቶ አርባ ስድስት።»

«አሰላሽው?»

«አይ፣ ነገሩኝ።»

የነገሯት ብዙዎች ናቸው። ሁለት መቶ አርባ ስድስትን የማያውቅ ሰው በአካባቢው አልነበረም። ባጃጅ ነጂው ተፈታኝ ሲያወርድ መልሱን መርቆ ያወርዳል። ሩቂያ እንኳ ታውቀዋለች፤ ከሁለት መቶ አርባ ስድስቱ አንዱም ሊትር እሷ ዘንድ ደርሶ ባያውቅም።

ዓመቱ ዞሮ ክረምቱ ሲወጣ ደብሪቱ ማሳው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ አሰበች። ዘንድሮም ሽንኩርቱ ከሞተ ማሳውን ለእኩል አራሽ ከመስጠት በቀር መላ የላትም። ለእኩል መስጠት ማለት በገዛ መሬት ላይ ቆሞ የሌላውን ሽንኩርት ማየት ነው። በማግሥቱ ፍየሏን ፈትታ ወደ ገበያ ነዳች። ስትመለስ በጋሪ ሲሚንቶ ጭና ነበር። ሸካራነት ስትበላ የኖረች ፍየል፣ በመጨረሻ ልስን ሆነች።

ያን ለት ማታ ወደ ጋሼ አብዱረሂም ሄደች። ጋሼ አብዱረሂም የውሃ አባት ናቸው። የማን ማሳ መቼ እንደሚጠጣ፣ ቦዩ መቼ እንደሚጠረግ የሚቆርጡት እሳቸው ናቸው፤ የሚፈረምበት ወረቀት የለም፣ ቃላቸው ግን ከአያት ቅድመ አያት የወረደ ነው። ጠረጋው ሁለት ሕግ አለው። በጠረጋ ቀን ቦዩ አፋፍ ላይ የተገኘ ሁሉ፣ ያገር ልጅም ይሁን መንገደኛ፣ አካፋ ይይዛል። አካፋ ያልያዘ ደግሞ ገበታ ላይ እጁን አይዘረጋም። ገበታው ክርስቲያኑም እስላሙም አብሮ የሚበላበት ስለሆነ ሥጋ አይገባበትም፤ የማሾ ወጥና ሽሮ ነው፣ ያውም ለሁሉ የሚበቃ።

«ጠረጋው መቼ ነው፣ ጋሼ?»

«ሐሙስ ብያለሁ።»

«ማክሰኞ ቢሆንስ? ደጋሿ እኔ ልሁን።»

ሽማግሌው ጢማቸውን ያዙ። «ማክሰኞ እኮ ፈተና ነው አሉ።»

«እኔም ሰምቻለሁ።»

«ያንቺ ጋ ያለው ሣር አይታጨድም ተብሏል።»

«አጭዳለሁ ያለ የለም። ፍየልም የለችኝም። ግድግዳ አትሥሩ ያለ ግን አልሰማሁም።»

እውነት ነው፣ አልተከለከለም ነበር። ግድግዳ መሥራትን ጽሕፈት ቤቱ አስቦት ስለማያውቅ ሊከለክለው አልቻለም። ጋሼ አብዱረሂም ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ ሳቁና፣ «ቢስሚላህ በይ እንግዲህ። ማክሰኞ» አሉ።

ማክሰኞ ጠዋት አውቶቡሱ ሲደርስ ቦዩ አፋፍ በሰው ተሞልቶ ነበር። ድንጋይ የሚያቀብል አለ፣ አሸዋ የሚነፋ አለ፣ ሩቂያ ውሃ ትቀዳለች። ተፈታኞቹ ሜትራቸውን እንደያዙ ወርደው ግራ ተጋብተው ቆሙ። ጋሼ አብዱረሂም ከዘራቸውን ተደግፈው ቀረቧቸውና የአገሩን ሕግ ነገሯቸው፤ አፋፉ ላይ ቆመዋልና አካፋ ይያዙ። ወጣቶቹ ወደ አለቃቸው አዩ። አቶ ታምራት ሽማግሌ ማስቀየም የማይወዱ ሰው ናቸው፣ ለወጣቶቹ ፈቀዱ። ራሳቸውና መምህር ቢኒያም ግን ለክትትል የመጡ መሆናቸውን አስረዱ። ክትትል አካፋ አይይዝም።

መምህሩ የፈተናውን ወረቀት ታቅፈው ማንጎው ሥር ሄዱ፤ የሮቢት ሙቀትም ከኮታቸው ጋር ተባብሮ ወዲያው አስተኛቸው። አቶ ታምራት ደግሞ ይህን ያህል ሰው ባንድ ቦታ ተሰብስቦ አይተው ንግግር ሳያደርጉ ማለፍ ከአቅማቸው በላይ ሆነ። ጀርባቸውን ለቦዩ ሰጥተው፣ ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዙረው ጀመሩ። ስለ ሕዝብ ተሳትፎ ተናገሩ። ተሳትፎ ከዕቅድ እንደሚጀምር፣ ዕቅድም ያለ ተሳትፎ ባዶ እንደሆነ፣ ባዶነትም በተሳትፎ እንደሚሞላ አብራሩ። ንግግሩ ረጅም ነበር፤ በቦይ ቢለካ ከወንዙ እስከ ሩቂያ ማሳ ይደርሳል። ከኋላቸው ሣሩ ከነአፈሩ ተነሣ። ድንጋዩ ተደረደረ። ሊያ ቀሚሷን ሸብ አድርጋ ሲሚንቶ ትለስናለች፣ ደብሪቱ በእጇ መዳፍ ታስተካክላለች። አቶ ታምራት አመስግነው ሲጨርሱ ሁሉም በሲሚንቶ እጁ አጨበጨበላቸው። ደስ ብሏቸው ዞሩ።

ወዲህኛው ጎን ማዶውን መስሎ ነበር።

አቶ ታምራት ወደ ማንጎው ሄዱ። ከዚያ መምህር ቢኒያምን ቀሰቀሷቸው። መምህሩ መጥተው ጎንበስ ብለው አዩ፣ በጣታቸው ነኩት፣ ጣታቸው ላይ ሲሚንቶ ቀረ።

«ሸካራነቱ የት ሄደ?» አሉ።

 ሊያ፣ ከልምምድ ብዛት ይሁን ከመጀመሪያ ጉጉት፣ ክንዷ ላይ በደረቀ ሲሚንቶ ቁጥር ቁጥር ስትጭር ቆይታ፣ «መምህር፣ ሁለቱ ጎን አንድ ከሆነ እኮ መልሱ ሦስት መቶ ዘጠኝ ነው የሚሆነው» አለች።

መምህር ቢኒያም የመልሱን ወረቀት ከኪሳቸው አወጡ። ወረቀቱ ላይ ሁለት መቶ አርባ ስድስት አለ። ለዓመታት ያገለገለ፣ ብዙ ሰው ያሳደገ፣ ነቀፋ የሌለበት መልስ ነው። አቶ ታምራት በመምህሩ ትከሻ ላይ አሻግረው ተመለከቱት። እሳቸውም የዚያው መልስ ፍሬ ናቸው፤ ቁጥሩ ከተነቃነቀ ወንበሩም ይነቃነቃል። ሁለቱ ሰዎች ራቅ ብለው ተማከሩ። ሲመለሱ መምህሩ ኮታቸውን ቆልፈው ነበር፣ ትልቅ ነገር ሊናገሩ ሲሉ ይቆልፉታል።

«ለተፈታኞች በሙሉ» አሉ። «በመንገዱ በኩል ባለው ጎን ሣር እንዳለ ይታሰብ።»

ተፈታኞቹ እፎይ አሉ። ደብሪቱ ግን ጭቃ የነካ እጇን እንዳንጠለጠለች ቀረበች።

«ይቻላል እንዴ?»

«ምኑ?» አሉ መምህሩ።

«የሌለውን እንዳለ ማሰብ።»

«በሙያው የተለመደ ነው፣ እናቴ።»

«እና ያኔውኑ ለስናችሁት ሣሩን ብታስቡት ኖሮ ምን ነበረበት?»

መምህር ቢኒያም አቶ ታምራትን አዩ። አቶ ታምራት ማንጎውን አዩ። ማንጎው የሚያየው አጣ። መጨረሻ አቶ ታምራት ጥያቄው ገንቢ መሆኑን ገልጸው በዕቅድ እንደሚያዝ ተናገሩ።

ፈተናው ተካሄደ። ግድግዳውን በገዛ እጃቸው የሠሩት ልጆች፣ ሲሚንቶው ከጥፍራቸው ሳይለቅ፣ ሁሉም ሁለት መቶ አርባ ስድስት ብለው ጻፉ። ሊያም ጻፈች። የተማረ ሰው መቼ ማወቅ እንዳለበት ብቻ ሳይሆን መቼ መተው እንዳለበትም ያውቃል። ሁሉም አለፉ። ጽሕፈት ቤቱም በዓመቱ ሪፖርት፣ ወዲህኛው ጎን በሕዝብ ተሳትፎ መለሰኑንና እዚያው ላይ ያለው ሣርም በጥሩ ሁኔታ ተጠብቆ እንደሚገኝ ባንድ ገጽ አሰፈረ። ውሃው ግድግዳው ከደረቀ በኋላ ተለቀቀ፣ ሳይተፋ አለፈ፣ ሩቂያም «ውሃ እንዲህ ነው እንዴ የሚመስለው?» አለች ይባላል። ሽንኩርቱ ቆመ። ይሄ ሁሉ ግን ኋላ የሆነ ነው። ያን ማክሰኞ ገና ምሳ አልተበላም።

ምሳው ማንጎው ሥር ቀረበ። አካፋ የያዘ ሁሉ ክብ ክብ ሠርቶ ተቀመጠ፤ ትሪ በትሪ የማሾ ወጥና ሽሮ ወረደ። አቶ ታምራትና መምህር ቢኒያም እንደ ልማዳቸው ከፍ ያለው ቦታ ላይ ተቀምጠዋል። ጋሼ አብዱረሂም ሕጉን ሊያነሡ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ደብሪቱ በዓይኗ ከለከለቻቸው። እንግዳ ነው አለች፣ በባዶ አይሰደድም።

እጃቸውን አስታጠበቻቸው፤ ለሌላው ያላደረገችውን በሁለት እጇ፣ ጎንበስ ብላ። ከዚያ ከሁሉ የሰፋውን ትሪ በነጭ ጨርቅ ሸፍና አመጣችና መካከላቸው አስቀመጠችው። ሰው ሁሉ ጉርሻውን ይዞ ቆመ። ደብሪቱ ጨርቁን አነሣች።

ትሪው ታጥቦ ያበራል። ምንም የለበትም።

«እንጀራ እንዳለ ይታሰብ» አለች ደብሪቱ። «ማሾ ወጥም እንዳለበት ይታሰብ። ሽንኩርት ብቻ አይታሰብ። እሱ እንኳ በስብሷል።»

ሩቂያ፣ «አስተግፊሩላህ» ብላ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። መምህር ቢኒያም ኮታቸውን ፈቱት። አቶ ታምራት ግን በሕይወታቸው የቀረበላቸውን ገበታ ሳያመሰግኑ ተነሥተው የማያውቁ ሰው ናቸው። ትሪውን ጥቂት አዩት። እጃቸውን ዘረጉ፣ ከባዶው ቆርሰው፣ አጣቅሰው ወደ አፋቸው አደረሱት፣ አኘኩት።

«እጅዎ ይባረክ» አሉ። «ጨው ብቻ ትንሽ አንሶታል።»

ደብሪቱ ገብታ ጨው አመጣችና ትሪው ላይ በተነችላቸው። እሱስ እውነተኛ ጨው ነበር።